የልብ ድካም ሲከፋ ምን አማራጭ አለ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ለሚታከሙ ወገኖች አስተረጉማለሁ። ብዙውን ጊዜ የምገኘው የልብ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ከክፍሉ ስወጣ ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ይዞኝ «አሁን እውነቱን ንገረን» ይላል። ኮሪደር ላይ መልስ መስጠት ሥራዬ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ በብዛት የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የሚያነቡትን ለሐኪምዎ ለሚያቀርቡት ጥያቄ መዘጋጃ ያድርጉት። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የልብ ድካም «ከፍቷል» የሚባለው መቼ ነው?

መድኃኒቱ በአግባቡ እየተወሰደ፣ ጨውና ፈሳሽ ተቀንሶ፣ ሰውየው ግን አልሻል ሲለው ነው። ልብስ ሲለብስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለት ሦስት ትራስ ካልደረበ እንቅልፍ አይወስደውም። ሐኪሞች በሽታውን ከኤ እስከ ዲ በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። እዚህ የምናወራው ስለ መጨረሻው፣ ስለ ዲ ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ቁጥር ኢኤፍ ነው። የልብ ግራ ክፍል በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶውን እንደሚገፋ ይነግራል። ጤነኛ ልብ ከ55 እስከ 70 በመቶ ያህል ይገፋል። 40 እና ከዚያ በታች ከሆነ ልቡ ደክሟል ማለት ነው። ግን በቁጥሩ ብቻ አይፍረዱ። ኢኤፉ 20 ሆኖ ሥራ የሚገባ አለ፤ ኢኤፉ 55 ሆኖ ሆስፒታል የሚመላለስም አለ።

ወደ ልዩ ማዕከል እንድላክ መጠየቅ ያለብኝ መቼ ነው?

ከምታስቡት ቀድሞ። ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንዱን ብቻ መልስ ብባል ይህንን እመርጥ ነበር። የሚከተሉት ከታዩ «የከፋ የልብ ድካም የሚያክም ቡድን ይየኝ» ማለት መብትዎ ነው።

በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ በልብ ድካም ተኝተዋል። የሚያሸናው መድኃኒት፣ ላሲክስ ወይም ሌላ፣ መጠኑ እየጨመረ እብጠቱ ግን አልጎድል ብሏል። የደም ግፊትዎ ዝቅ ስላለ ሐኪሙ የልብ መድኃኒቶቹን መቀነስ ጀምሯል። ኩላሊት ወይም ጉበት መጎዳት ጀምሯል። ደረትዎ ውስጥ የተቀበረው መሣሪያ ደጋግሞ ነዝሮዎታል። ምግብ አስጠልቶዎት ሰውነትዎ እየከሳ ነው።

የመድኃኒት መቀነሱን ብዙ ቤተሰብ እንደ መልካም ዜና ይሰማዋል። «ተሻላት፣ ሁለቱን አቆሙላት» ይባላል። አንዳንዴ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ልቡ ግፊት መያዝ ሲያቅተው መድኃኒቱን መሸከም አይችልም። ለምን እንደተቀነሰ ይጠይቁ።

መዘግየት የሚጎዳው ትልልቆቹ ሕክምናዎች ጠንካራ አካል ስለሚጠይቁ ነው። ኩላሊቱና ጉበቱ ከደከመ በኋላ የመጣ ሰው «ዓምና ብትመጣ ኖሮ» ሊባል ይችላል። መላክ ማለት ቀዶ ሕክምና ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ሄዶ፣ ተመርምሮ፣ መድኃኒቱ ተስተካክሎለት ይመለሳል። በአካባቢያችን ሜድስታር ዋሽንግተን ሆስፒታል ሴንተርና ኢኖቫ ፌርፋክስ፣ በባልቲሞር ደግሞ ጆንስ ሆፕኪንስና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የልብ ንቅለ ተከላም የልብ ፓምፕም ይሠራሉ።

የምወስደው መድኃኒት በቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ኢኤፉ ዝቅ ላለ ሰው ዛሬ አራት ዓይነት መድኃኒቶች አብረው ይታዘዛሉ። አንደኛው ኢናላፕሪል ወይም ኢንትሬስቶን የመሰለ ነው። ሁለተኛው ካርቬዲሎል፣ ቢሶፕሮሎል ወይም ሜቶፕሮሎል። ሦስተኛው ስፓይሮኖላክቶን። አራተኛው ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን ሲሆን መጀመሪያ ለስኳር ሕመም የመጣ ነው። ስኳር ሳይኖርብዎ ከታዘዘልዎ አይደንግጡ። ላሲክስ ውኃውን ያወጣል፤ ልቡን ግን አያክምም። አራቱም ካልታዘዙልዎ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አንዳንዴ በቂ ምክንያት አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለጀርባ ሕመም ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውኃ ያጠራቅማል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። «መድኃኒቱ አልሠራ አለ» ከተባለ በኋላ ከቦርሳ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ደረት ውስጥ የሚቀበሩት መሣሪያዎች ምን ይሠራሉ?

ሁለት ናቸው፤ ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል። አይሲዲ ልብን አያጠነክርም። ገዳይ የሆነ የምት መዛባት ሲመጣ ነዝሮ ልብን ወደ ምቱ ይመልሳል። መድኃኒት ተወስዶም ኢኤፋቸው 35 ወይም ከዚያ በታች ለቀረ ሰዎች ይታሰባል። ሲአርቲ ደግሞ የልብ ግራና ቀኝ ክፍል አብረው እንዲመቱ ያደርጋል። የሚጠቅመው በኤሌክትሪክ ምርመራው ላይ ሁለቱ ወገኖች ተዛንፈው ለሚመቱ ነው። ለእነሱ ትንፋሹም ጉልበቱም ሊመለስ ይችላል።

ኤልቫድ የሚባለው ፓምፕ ምንድን ነው?

የደከመውን የግራ ልብ ክፍል የሚያግዝ ፓምፕ ነው። ልብን አያስወጣም፤ ልብዎ እዚያው ይቀራል። ቀዶ ሐኪሙ ፓምፑን ከልብ ጫፍ ጋር ያያይዘዋል። ፓምፑ ደሙን ተቀብሎ ወደ ዋናው የደም ቧንቧ ይልካል። ከእሱ የሚነሳ ሽቦ የሆድን ቆዳ አልፎ ይወጣና ከወገብ መቆጣጠሪያና ከሁለት ባትሪዎች ጋር ይገናኛል። ማታ ግድግዳ ላይ ይሰካል።

አሁን በስፋት የሚተከለው ሃርትሜት 3 ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ፈቅዶታል። ተፎካካሪው ሃርትዌር በ2021 ከገበያ ወጥቷል። ሞመንተም 3 በተባለው ትልቅ ጥናት ሃርትሜት 3 ከተተከለላቸው ሰዎች 58 በመቶ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ለአንዳንዱ ፓምፑ ንቅለ ተከላ እስኪገኝ መቆያ ነው። ለንቅለ ተከላ ለማይሆነው ደግሞ እስከ መጨረሻው ይኖርበታል።

ዋጋው ቀላል አይደለም። ሽቦው የሚወጣበት ቁስል ሊመረቅዝ ይችላል። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፤ የአንጀት መድማት ያጋጥማል። ስትሮክም አለ። መዋኘትና ገንዳ ውስጥ መታጠብ ክልክል ነው። ኤምአርአይ አይነሱም። ቤት ውስጥ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። ይህንን ጥያቄ ከማሽኑ በፊት መልሱት። ልጆቹ ሁለት ሥራ የሚሠሩበት ቤት ውስጥ ቁስሉን ማን ነው የሚያጸዳው? መብራት ቢጠፋ ማን አለ? የመብራት ኩባንያውም በቤቱ የሕይወት ማሽን እንዳለ መመዝገብ አለበት።

ኤልቫድ ያለበት ሰው የልብ ምት የለውም ይባላል። እውነት ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ። ፓምፑ ደሙን ሳያቋርጥ ስለሚልክ የእጅ አንጓ ላይ ምት ላይዳሰስ ይችላል። የተለመደው የግፊት መለኪያም አያነበው ይሆናል። ስለዚህ ሰውየው ወድቆ ቢገኝ «ምት የለውም፣ አልቋል» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ደረቱ ላይ ጆሮ አድርጉና የፓምፑን ዝምታ ወይም ድምፅ ስሙ። መቆጣጠሪያውን፣ ሽቦውንና ባትሪውን እዩ። 911 ደውሉና «ኤልቫድ አለው» በሉ። ከዚያ የማዕከሉን ስልክ። ያ ስልክ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፍ።

ለልብ ንቅለ ተከላ ማን ይበቃል? ስንት ጊዜስ ይጠበቃል?

የመጀመሪያው የሰው ለሰው የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገው አፍሪካ ውስጥ ነው። ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ በታኅሣሥ 1967 ኬፕታውን ላይ ሠሩት፤ ታማሚው 18 ቀን ኖረ። ዛሬ በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ4,000 በላይ ይሠራል። ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያህል የመጀመሪያውን ዓመት ያልፋል። ግማሹ ከ12 ዓመት በላይ ይኖራል።

ቡድኑ የሚያየው ልብን ብቻ አይደለም። ካንሰር አለ ወይ? የሳንባ ደም ሥር ግፊት ምን ያህል ነው? ሲጋራና መጠጥ? ጫትስ? መድኃኒት ሰዓት ጠብቆ የመውሰድ ልማድ አለዎት? ማን ያስታምምዎታል? የቀረውን ቀጠሮ ሁሉ ያያሉ፤ ስለዚህ ቀጠሮ መዝለል እዚህ ላይ ያስከፍላል። ዕድሜ ብቻውን በር አይዘጋም፤ 70 ካለፈ ግን በሩ ይጠባል።

ልቡ በደም ዓይነትና በአካል መጠን መግጠም አለበት። ከ2018 ጀምሮ ወረፋው ስድስት ደረጃ አለው፤ አንደኛ ላይ ያለው በጣም የታመመው ነው። ለዚህ ነው ሆስፒታል በማሽን የተያዘ ሰው ቤቱ የሚጠብቀውን የሚቀድመው። የደም ዓይነታቸው ኦ የሆኑ ሰዎች ረዘም ያለ ጊዜ ይጠብቃሉ። «ዘመድ አለን፣ ገንዘብ አለን» አይሠራም። ልብ መሸጥም መግዛትም በአሜሪካ ሕግ ከ1984 ጀምሮ ወንጀል ነው።

ዜጋ አይደለሁም። ወረፋ ውስጥ መግባት እችላለሁ?

ልብ ሲደለደል ዜግነት መመዘኛ አይደለም። እውነተኛው እንቅፋት ኢንሹራንስ ነው። ማዕከሉ ቀዶ ሕክምናው ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ የሚወሰደው መድኃኒት እንደሚከፈል ማረጋገጥ ይፈልጋል። የማዕከሉን ሶሻል ወርከር ቀድመው ያግኙ።

የአሳማ ልብ ለሰው ይተከላል የሚባለውስ?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ በሹክሹክታ ነው የሚመጣው። በጥር 2022 ባልቲሞር ላይ ዘረ መሉ የተስተካከለ የአሳማ ልብ ለአንድ ሰው ተተከለ፤ ሰውየው ሁለት ወር ያህል ኖረ። በመስከረም 2023 ሁለተኛ ሰው ተሞከረ፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ አረፈ። ገና ምርምር ነው። ሳይነግሩዎት ማንም አይተክልልዎትም።

ከንቅለ ተከላ በኋላ ኑሮው እንዴት ነው?

ብዙው ሰው ደረጃ ወጥቶ፣ ሠርቶ፣ ሠርግ ላይ እስክስታ ወርዶ ይኖራል። ግን ሰውነት አዲሱን ልብ እንደ ባዕድ ስለሚያየው የሰውነት መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ይወሰዳሉ። ታክሮሊመስ ዋናው ነው፤ በየ12 ሰዓቱ፣ ያለ መዛነፍ። ልብ እየተገፋ መሆኑን ለማወቅ በመጀመሪያው ዓመት ደጋግመው ናሙና ይወስዳሉ።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ የሐበሻ ቤት ፈተናው ትልቅ ነው። ጥሬ ሥጋ ቀረ። ቁርጥ፣ ጥሬ ክትፎ፣ ለብ ለብ፣ ጥሬ ዱለት፤ ሁሉም። መከላከያው ለተዳከመ ሰው በጥሬ ሥጋ የሚመጣው ቶክሶፕላዝማና ሌላው ጀርም ከባድ ነው። ያልተፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ አይብም እንዲሁ። ክትፎው በደንብ ይብሰል፤ ቅቤውና ሚጥሚጣው የሚታዘዘውን ያህል ይሁን። ግሬፕፍሩት ታክሮሊመስን ከልክ በላይ ከፍ ስለሚያደርግ አይነካም። ጠላ፣ ጠጅና አረቄን በተመለከተ የእርስዎ ቡድን የሚለውን ይስሙ፤ ጫትን በተመለከተ መልሱን ከወዲሁ ልንገርዎ፦ አይሆንም።

ልጅ ሳሉ ሳንባ ነቀርሳ አጠገብ ያደጉ ሰዎች ይህንን ለሐኪሙ ቀድመው ይናገሩ። ተኝቶ የቆየ ቲቢ በእነዚህ መድኃኒቶች ሊነሳ ስለሚችል ከንቅለ ተከላ በፊት ይመረመራል።

ጠበልና ጾምስ?

በአክብሮት እና በግልጽ ልመልስ። ጠበል መጠጣት የሚያጣላው ከእምነቱ ጋር ሳይሆን ከሊትሩ ጋር ነው። ሐኪሙ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ፈሳሽ ብቻ ካለዎት ጠበሉም ሾርባውም፣ ሦስቱ ዙር ቡናም ከዚያ ውስጥ ይቆጠራል። በአንድ ጠዋት ብዙ ሊትር የጠጣ የልብ ሕመምተኛ ማታ ድንገተኛ ክፍል ሊገኝ ይችላል። ኤልቫድ ያለበት ሰው በጠበል መጠመቅ አይችልም፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ መሣሪያውም ኤሌክትሪክ ነው። ፊትና እጅ መቀባት ይበቃል። ለጠበል ተብሎ መድኃኒት አይቆምም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ስትመክር ሰምተናል።

የታመመ ሰው ከጾም እንደሚፈታ የንስሐ አባትዎ ያውቃሉ፤ ኢማሙም ያውቃሉ። መጾም ከፈለጉ ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ። ካርቬዲሎል ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ዳፓግሊፍሎዚን ረጅም ሰዓት ሳይበሉ ሲቀሩ ደምን ሊያኮመጥጥ ይችላል። የጾም ምግብም ጨው አለው፤ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ሚጥሚጣው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ጨው ሳይገባበት የተፈጨ በርበሬ ማስመጣት ይቻላል።

አገር ቤት መሄድ እችላለሁ?

ሐኪሙ ከፈቀደ፤ ግን ሦስት ነገሮች ይታሰቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የደከመ ልብ ወዲያው ያውቀዋል። የልብ ፓምፕ የሚከታተል ማዕከል ኢትዮጵያ ውስጥ ስለሌለ ኤልቫድ ያለበት ሰው ችግር ቢገጥመው የሚደርስለት የለም። መብራትም ይጠፋል። እኔ ብሆን አልመክርም። ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ባይሄድ ይመረጣል። ከሄደም የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ጀርም ስላለው አይከተብም። ቆላ የሚወርድ ከሆነ የወባ መከላከያውን ከታክሮሊመሱ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ከሚቆዩበት ቀን በላይ።

እናቴ አዲስ አበባ ናት። እዚያ ምን አለ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የልብ ንቅለ ተከላም ኤልቫድም አይሠራም። በ2015 ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው። ይህ ማለት ግን ምንም የለም ማለት አይደለም። መጀመሪያ ልቡ ለምን ደከመ የሚለው ይጣራ። በአገራችን በተለይ በወጣቶች ዘንድ ብዙው የልብ ድካም የሚመጣው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ በሚከሰተው ሩማቲክ የልብ ሕመም፣ ማለትም ከቫልቭ ጉዳት ነው። የጠበበ ቫልቭ ያለ ቀዶ ሕክምና በፊኛ ሊከፈት ይችላል፤ የተበላሸው ይጠገናል ወይም ይቀየራል። ለዚህ ሰው «ልብ ይቀየርልኝ» ብሎ ሕንድ ከመሄድ በፊት ጥሩ የልብ አልትራሳውንድ ይበጃል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊንም እንዳይቋረጥ።

ሕንድን በተመለከተ፣ እዚያ ከሟች የሚገኝ ልብ መጀመሪያ ለሕንዳውያን ነው የሚሰጠው። የውጭ ሰው የሚታሰበው የሚገጥመው ሕንዳዊ ሲጠፋ ነው። ይህንን ሳይነግር ገንዘብ የሚቀበል ደላላ አትመኑ።

ከወሊድ በኋላ ነው የጀመረኝ። ልብ መቀየር ሊያስፈልገኝ ነው?

ለብዙ እናቶች አያስፈልግም። በወሊድ ሰሞን የሚደክም ልብ በመድኃኒት በወራት ውስጥ የሚያገግምበት ዕድል ጥሩ ነው። ዋናው ጥንቃቄ ቀጣዩ እርግዝና ነው። ልቡ ሳያገግም ማርገዝ ሕይወት ያሳጣል፤ ከልብ መድኃኒቶቹም አንዳንዶቹ ፅንስ ይጎዳሉ። ባልም አማትም ይህንን ከሐኪሙ አፍ ይስሙት።

ፓምፕም ንቅለ ተከላም አልፈልግም ብልስ?

ይችላሉ። እምቢ ማለት ሕክምና ማቆም አይደለም። መድኃኒቱ ይቀጥላል፤ ትንፋሽ የሚያቀል፣ ሕመም የሚያስታግስ ቡድን ይጨመራል። ሚልሪኖን ወይም ዶቡታሚን የተባለ ልብ የሚያበረታ መድኃኒት ቤት ውስጥ በደም ሥር የሚሰጣቸውም አሉ። ዕድሜ ላያረዝም ይችላል፤ ቀኑን ግን ያቀላል። ይህ ማስታገሻ ሕክምና ለሚሞት ሰው ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ንቅለ ተከላ እየጠበቁም ያገኙታል። አዲስ አበባም ሆስፒስ ኢትዮጵያ በዚህ መስክ ይሠራል።

አይሲዲ ያለበት ሰው በመጨረሻዎቹ ቀናት ንዝረቱ እንዲዘጋ መጠየቅ ይችላል። መዝጋት አያምም፤ ሰውንም አይገድልም። አልጋ ላይ ያለን አባት ደጋግሞ ሲነዝረው ከማየት ግን ያድናል።

እማዬ እንዳትደነግጥ እውነቱን አትንገሯት ማለት እንችላለን?

በአሜሪካ የታማሚው ፈቃድ ሳይኖር እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና አይደረግም፤ ያላወቀ ሰው ደግሞ ሊፈቅድ አይችልም። አስተርጓሚውም ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ይናገራል። መካከለኛ መንገድ አለ። ሐኪሙ ቀድሞ እሷኑ ይጠይቃት፦ «ዝርዝሩን ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ?» ብዙ እናቶች «ለልጄ» ይላሉ። ያ ውሳኔ የእሷ ነው፤ መዝገብ ላይ ይጻፋል። መናገር ሲያቅታት የሚወስንላትንም ሰው በዚያው በጽሑፍ ትሰይም።

ለቀጠሮው ምን ይዤ ልምጣ?

የመድኃኒት ዝርዝር ሳይሆን ጠርሙሶቹን ራሳቸውን፤ ከአገር ቤት የመጣውንም ቅጠል ጭምር። የየቀኑን የጠዋት ክብደት የጻፉበትን ወረቀት። በአንድ ቀን ሦስት ፓውንድ፣ በሳምንት አምስት ፓውንድ ከጨመሩ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ይደውሉ። ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ነፃ ነው፣ ማዘጋጀቱም የሆስፒታሉ ግዴታ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ለአያቷ ስለ ልብ ንቅለ ተከላ እንድታስተረጉም አታድርጉ።